በኤርሚኒያ ፊት የተመለሰችው

ኤርሚኒያ በቾሉላ ከተማ ገበያ ሞሌ የሚባለውን የወጥ ድልህ ትሸጣለች። በርበሬውን፣ ሰሊጡን፣ ለውዙንና መራራውን ቸኮሌት አስፈጭታ፣ በአሳማ ስብ አቁላልታ፣ ጥቁሩን ድልህ በየባልዲው ከምራ ከኋላው ትቀመጣለች። ድሮ ስትቀመጥ ወንበሩ አይታይም ነበር። ገበያተኛው ሁሉ «ወፍራሟ ጋ ሂድና ግዛ» ነበር የሚባባለው፤ ስድብ አልነበረም፣ አድራሻ ነበር። እሷም ብትሆን አልተቀየመችበትም። ሰው ስሟን ሳያውቅ ቤቷን ካገኘ ምን ጎደላት?

ባል አላገባችም። ከእናቷ ከዶኛ ትሪኒ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቤት ኖረች። እናቷን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ለቅዳሴ ማድረስ የእሷ ሥራ ነበር፤ አሮጊቷ የእሷን ወፍራም ክንድ ካልተደገፈች ከደጃፉ አታልፍም። እንዲህም ሆኖ በዚያ ቤት የሚጠራው ስም የሌላኛዋ ነበር፤ የኒዬቬስ፣ የታናሽየዋ፣ የሞተችው።

ኒዬቬስም እንደ እህቷ ሞላ ያለች ልጅ ነበረች። ሠርጓ ሲቃረብ ፑዌብላ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ሐኪም ሄደች። ሴቱ በሩ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ስም ያልተጻፈበት ከረጢት ውስጥ ቀይና ቢጫ ክኒን ዘግኖ ይሰጣል። ልጅቷ እንደ ሻማ ቀለጠች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ግቢውን ትጠርጋለች፣ እንደ ጥይት ትናገራለች፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ሰፈሩ ግን ዓይኑ እያየ አመሰገናት። «እንዴት አምሮብሻል» ያላላት ሰው አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ልብስ ስታሰጣ ገመዱ ሥር ወደቀች፤ ልቧ ነው ተባለ። በሙሽራ ቀሚሷ ቀበሯት፤ ሁለት ጊዜ ተሰፍቶ እንዲጠብ የተደረገው ቀሚስ እንደገና ሰፍቷት ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ሰብስበው ነው የያዙት። ይኼ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈው።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የማቅጠኛ መድኃኒት ስም አይነሳም ነበር። ኤርሚኒያ ክብደቷ ሲያስቸግራት የገባችው የካሲልዳ ማኅበር ነው። ካሲልዳ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሚስት ናት፤ ባሏ ሰውን ያወፍራል፣ እሷ ማክሰኞ ማክሰኞ በሰበካው አዳራሽ ታቀጥናለች። ሩዙ ከጭብጥሽ አይብለጥ፣ ሥጋው ከመዳፍሽ አይብለጥ፣ የበቆሎ ቂጣው በቁጥር። ሚዛኑ ላይ ስትወጪ ቀንሰሽ እንደሆነ ይጨበጨብልሻል፤ ጨምረሽ እንደሆነ ቆመሽ ምን እንደበላሽ ለሁሉ ትናገሪያለሽ። ኤርሚኒያ ብዙ ዓመት ተመላለሰች። በጾሙ ትቀንሳለች፣ በታኅሣሥ በዓላት ያንኑ መልሳ ትለብሰዋለች። ካሲልዳም ምላሷን አትቆጥብም ነበር፤ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እኮ አንድን ሰው ነው የማቀጥነው፣ አንቺ ጋ ግን ሁለት ሴቶች እየተፈራረቁ ነው የሚመጡብኝ» ትላት ነበር። ከሁሉ በላይ የምትስቀው ኤርሚኒያ ራሷ ነበረች።

ከዚያ ስኳሩ መጣ። የግራ እግሯ ጣት ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልሽር አለች። የጤና ጣቢያዋ ዶክተር ኢባራ፣ በዕድሜ ልጇ የምትሆን ሴት፣ ሳትሸፋፍን ነገረቻት፦ እንዲህ ከቀጠለ ጣቱ ይቆረጣል፣ ከዚያም እግሩ። በሳምንት አንዴ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ አዘዘችላት፤ ስኳሩን ይይዛል፣ ረሃቡንም ይዞ ይሄዳል አለቻት። ኤርሚኒያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልብ ያቆማል ወይ ብላ። ዶክተሯ ያ የድሮው ክኒን ሌላ፣ ይኼ ሌላ መሆኑን ምላሷ እስኪደርቅ አስረዳቻት። ኤርሚኒያ አላመነችም። ግን እግሯ ከተቆረጠ እናቷን ማን ደግፎ ያስነሳታል? ተወጋች።

ካሲልዳ ስትሰማ ገበያው መሐል መጥታ ቆመችባት።

«እህትሽን ምን እንደገደላት ረስተሽ ነው?»

«ይኼ ሌላ ነው ብላኛለች።»

«ሁሉም ሌላ ነው ይላሉ። እኛ ጋ ቀስ ብለሽ ትቀንሻለሽ፣ ስትወድቂ እናነሳሻለን፤ ማን እንደሆንሽ እናውቃለን። መርፌው አንቺን ከየት ያውቅሻል?»

ኤርሚኒያ ለአንድ ደንበኛ ሞሌ መመዘኗን ቀጠለች።

መርፌው ግን ሠራ። ረሃቧ ድንገት ጠፋ። በርበሬ ሲቆላ ሽታው ድሮ ምራቋን ያስውጣት የነበረው፣ አሁን የጎረቤት ወሬ ያህል እንኳን አይስባትም። ሞሌዋን የምትሠራው እጇ በለመደው ነው፤ ጨው መብቃቱን ደንበኞቿ ቀምሰው ይነግሯታል። ቁስሉ ደረቀ። ቀሚሷ ተንጠለጠለባት። ያኔ ነው ያ ቃል የጀመረው። «እንዴት አምሮብሻል፣ ኤርሚኒያ» ይላታል ሰው፤ አንዳንዱም ያኔ ኒዬቬስን ያለው ያው ሰው ነው፣ በዚያው አፍ፣ በዚያው ፈገግታ። በሰማችው ቁጥር ጆሮዋ ጭው ይላል። ምስጋና ፈርታ በጓሮ በኩል መሄድ ጀመረች።

አንድ ጠዋት ጸጉሯን ስታበጥር መስታወቱ ውስጥ ኒዬቬስ ነበረች። ኤርሚኒያ ዞር ብላ ከኋላዋ አየች፤ ማንም የለም። እንደገና አየች። ጉንጯ ወርዶ አጥንቱ ወጥቷል፣ አገጯ ሾሏል፣ ዓይኗ ሰፍቷል። እህትማማቾች ናቸውና ስቡ ሲነሳ ከሥሩ ያው ፊት ነበር ማለት ነው፤ ይኼን ያህል ዘመን ተሸክማው ስትኖር አላወቀችውም። የምታየው ኒዬቬስ ያልኖረችበትን ዕድሜ ይዛ፣ ሽበት አብቅላ የቆመች ኒዬቬስን ነው። ፎጣ አምጥታ መስታወቱን ሸፈነችው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጸጉሯን በዳበሳ ነው የምታበጥረው።

ዶኛ ትሪኒ መርሳት ከጀመረች ቆይታ ነበር። የዛሬውን ትረሳለች፣ የጎረቤትን ስም ትረሳለች፣ ኤርሚኒያን ግን አትረሳም ነበር። በኮቴዋ ነው የምታውቃት፤ የወለሉ ሳንቃ ከክብደቷ ሥር ሲያቃስት «መጣችልኝ» ትላለች። አሁን ሳንቃው ዝም አለ። አንድ ቀን ኤርሚኒያ ምሳ ይዛ ስትገባ አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷ በራ።

«ኒዬቬስ፣ መጣሽ?»

«ኤርሚኒያ ነኝ፣ እማዬ።»

«ኤርሚኒያማ ወፍራም ናት» አለች አሮጊቷ፣ እንደ ቀልድ ሳቅ ብላ። ኤርሚኒያም አብራ ሳቀች። ወጥታ ግን ጓዳ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ያን ፊት፣ ያን ብርሃን እናቷ ለእሷ አብርታላት አታውቅም፤ አንድ ቀን እንኳን። ኤርሚኒያ በዕድሜዋ ሙሉ ከእናቷ የፈለገችው ነገር ቢኖር ይኼው ነበር፤ ስትገባ እንዲህ መታየት። አሁን አገኘችው፣ ግን የሰው ነው።

ለጥቂት ሳምንት ታገለች። ስሟን ደጋግማ ትነግራታለች፣ ያደረጉትን ታስታውሳታለች፣ አሮጊቷም አንዳንዴ ትመለሳለች። ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ የእናቷን ጸጉር እያጠበች ነበር። ዶኛ ትሪኒ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ማውራት ጀመረች።

«ያን ሐኪም የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ቀሚሱ አይገባሽም፣ ታዋርጅኛለሽ አልኩሽ።»

ኤርሚኒያ ጸጉሯ ላይ ውኃ ታፈሳለች።

«ልቤ ይመታል፣ ልተወው አልሽኝ። እስከ ሠርጉ ታገሺ አልኩሽ። አንድ ሳምንት ናት የቀረችው፣ ታገሺ አልኩሽ። ለእህትሽ እንኳን አልነገርኳትም። ኒዬቬስ፣ ይቅር በይኝ።»

የኤርሚኒያ እጅ ጸጉሩ ውስጥ ቆመ። ይኼን ሁሉ ዓመት እናቷ ያን ሐኪም ስትረግም ነው የሰማችው። የምታውቀው ኀዘን ከሥሩ ሌላ ኀዘን ኖሮት ተገኘ። «እኔ ኒዬቬስ አይደለሁም» ማለት ነበረባት፤ አፏ ላይም ደርሶ ነበር። ግን እናቷ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሳሙናው ከዕንባዋ ጋር ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ ሌላ ይቅር የሚላት ደግሞ በምድር ላይ የለም። ለሞተ ሰው ይቅርታ ማድረግ የእሷ ድርሻ ነው ወይ? እንጃ። ማንም ያን ጊዜ እሷን ሆኖ ባየው።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ እማዬ» አለች።

ዶኛ ትሪኒ ያን ቀን እንደ ሕፃን ተኛች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «ኤርሚኒያ ነኝ» የሚለው ቃል ጆሮዋ አይገባም። ይቅር ያለቻት ኒዬቬስ ናት፤ ይቅርታው እውነት እንዲሆን ኒዬቬስ መኖር አለባት። ኤርሚኒያ በገዛ አፏ በሩን ከውስጥ ዘግታው ነበር። ከቀናት በኋላ አሮጊቷ እጇን ይዛ ኤርሚኒያ የት እንደገባች ጠየቀቻት።

«አለች፣ እማዬ።»

«አትዋሺኝ። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ አላየኋትም። አውቄዋለሁ፤ እግዜር ሁለታችሁንም አንድ ላይ አይሰጠኝም።»

ኤርሚኒያ መርፌውን አቆመች። ለማንም አልነገረችም። ረሃቡ ተመለሰ፣ እሷም ያገኘችውን በላች፤ ስብና ጣፋጩን፣ ቆማም ተቀምጣም፣ ፊቷን እንዲመልስላት። ከፊቷ በፊት ግን የተመለሰው ቁስሉ ነበር። ጣቷ ጠቆረ። ዶክተር ኢባራ አልተቆጣችም፤ የቢላውን ቀን ብቻ ነገረቻት። ኤርሚኒያ አንድ ጣት ሰጥታ ወደ መርፌው ተመለሰች። እናቷ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጊዜ እንኳን በስሟ አልጠራቻትም።

ሙታን ለመብላት እቤታቸው ይመጣሉ የሚባልበት የሙታን በዓል ሲደርስ ዶኛ ትሪኒ ለእነሱ በሚዘረጋው ገበታ ላይ ለኤርሚኒያም ሳህን ይቀመጥ አለች። የኒዬቬስን ፎቶ አስነሳችው፤ ኒዬቬስማ እቤት ናት። በቦታው የኤርሚኒያን ፎቶ አምጪልኝ አለች። እቤት ፎቶዋ አልነበረም፤ ወፍራም ስለነበረች ከካሜራ ስትሸሽ ነው የኖረችው። ያላት የካሲልዳ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው፤ እያንዳንዷ ሴት በገባችበት ቀን የምትነሳው።

ኤርሚኒያ አዳራሹ ስትደርስ ካሲልዳ መርፌው ሲሰለችሽ ወደ እኛ መጣሽ ብላ ልትቀልድ ጀምራ ነበር። ኤርሚኒያ ፎቶውን ለምን እንደምትፈልገው ስትነግራት ያቺ ወሬ የማያልቅባት ሴት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፎቶውን ከግድግዳው ነቅላ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችው።

«በእኛ መንገድ ብትሄጂ ኖሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቀስ በቀስ ስትቀንሺ እያየችሽ ትለምድሽ ነበር።»

«በእናንተ መንገድ ብሄድ ኖሮ እግር አይኖረኝም ነበር።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ካሲልዳ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም፤ እስከ ደጇ ድረስ ሸኘቻት።

ኤርሚኒያ የራሷን የሙታን ምግብ ራሷ ሠራች። ዶኛ ትሪኒ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ታዛለች፤ ኤርሚኒያ የአሳማ ስብ የበዛበት፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል የበቆሎ ታማሌ ነው የምትወደው፣ ሞሌው ላይ ሰሊጥ ነስንሺበት፣ ዱባውን በጥቁር ስኳር ቀቅይላት፣ ሙዪው፣ ሙዪው ትላለች። እናቷ የምትወደውን ሁሉ ለካ ታውቅ ኖሯል፤ አንዱንም አልሳተችም። ገበታው ቢጫ አበባ ተነሰነሰበት፣ ሻማ በራ፣ ሳህኑ ከፎቶው ፊት ተቀመጠ። ከፎቶው ላይ ያቺ ወፍራም ሴት ዓይነ አፋር ሆና ታያቸዋለች።

የቀትር ደወል ሲደወል ዶኛ ትሪኒ ለፎቶው ማውራት ጀመረች። ከዚያ ወደ ኤርሚኒያ ዞረች።

«አንቺ ቆንጆዋ ነበርሽ» አለቻት። «እሷ ግን ክንዴ ነበረች። በሕይወቷ ሳለች ወፈርሽ እያልኩ ሳህኗን ስነጥቃት ነው የኖርኩት። አንድ ቀን እንኳን ጥሩ ልጄ ነሽ አላልኳትም።»

ኤርሚኒያ ይኼን ቃል ለመስማት ሙሉ ዕድሜዋን ጠብቃለች፤ መጣ፣ እሷ ግን የለችም። ድንገት ወንበር ስባ ገበታው ላይ ተቀመጠች። ሙታን ሳይቀምሱ ከዚያ ገበታ ማንም እንደማይነካ ታውቃለች። ታማሌውን ፈታች። ሽታው አፈናት፣ ግን ጎረሰች፤ እንደ ድሮዋ፣ አፏን ሞልታ፣ እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች። እንደገና ጎረሰች። ታየኛለች፣ አበላሌን ታውቀዋለች ብላ ጠበቀች።

ዶኛ ትሪኒ አጥንቷ የወጣ እጇን ዘርግታ የኤርሚኒያን እጅ በቀስታ ያዘችው።

«ተይ፣ ኒዬቬስ» አለቻት። «የእህትሽን አትብዪባት። ስትመጣ ይርባታል።»

ኤርሚኒያ የጎረሰችውን እንደምንም ዋጠች።

«እሺ፣ እማዬ» አለችና ታማሌውን ጠቅልላ ከፎቶው ፊት መልሳ አስቀመጠችው።