የአንድ ጣሳ ቆሎ ዋጋ

የያዙኝ ደብረ ማርቆስ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። በሬዬን ሊገዛ የመጣው የጣሊያን ሹም የወረቀት ሊሬ ሲዘረጋልኝ፣ «በጠገራ ብር ካልሆነ አልሸጥም» አልሁት። በሬውንም እኔንም አንድ ላይ ነዱን።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን ነበር። በርበሬው ቢወጣም ብናኙ ከግድግዳው አልለቀቀም፤ አሥራ አንድ ሰዎች ስናስነጥስ እንውላለን። ክረምት ስለ ነበር ወለሉ ይረጥባል። ከአጠገቤ የሚተኙት የአምበር ሰው፣ ጨው ሲነግዱ ያረጁ ሽማግሌ፣ የዱሮ ዋጋ እያወሩ ያደክሙን ነበር። በግ በሦስት አሞሌ ጨው ይገዛ እንደ ነበር፣ ማሩ፣ ቅቤው። እሳቸው ሲያወሩ የእኛ አፍ ውሃ ይሞላል።

«ይተዉን እንጂ አባቴ» እላቸው ነበር።

የእኛ ገበያ ሌላ ነው። የሚጠብቀን ባንዳ፣ የሉማሜ ልጅ፣ ቆሎ በሳልሳ ጣሳ እየሰፈረ ይሸጥልናል። ገንዘባችንን ስለ ወሰዱብን የምንገዛው በልብሳችን ነው። መጀመሪያ በአንድ ነጠላ አራት ጣሳ ይሰጥ ነበር። ወር ሳይሞላ አንዱ ጣሳ በእጀ ጠባብ ሆነ።

ሽማግሌው ታመሙ። የሚሸጡት ልብስ አልቆባቸው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ለእኔ ጋቢዬ ቀርታኝ ነበር።

«ጋቢዬን ለባንዳው ልስጠውና ይቅመሱ» አልኋቸው።

«አንተ እየበረደህ እኔ አልበላም። ተወው።»

አልሰማኋቸውም። እኩለ ቀን ላይ ባንዳው ሲመጣ ጋቢውን ሰጠሁት። ቆሎውን ሰፈረና የጣሳውን አፍ በጣቱ ጠረገው። ሽማግሌው ከተኙበት ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ምራቂውስ?»

«የምን ምራቂ?»

«እናትህ ገበያ እህል ስትሸጥ፣ ከስፍሩ ላይ አንድ ጭብጥ ሳትጨምር ነበር የምትሰጥ?»

ባንዳው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ከከረጢቱ አንድ ጭብጥ አወጣ።

«እንኩ» አላቸው። ከእኛ አንዱን አንቱ ሲል የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ምራቂ መጠየቃቸው የነጋዴ አመላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጣሳውን ወደ እኔ ገፉት።

«ይኸ በጋቢህ የተገዛ ነው፤ ያንተ ነው። ለዚች ጭብጥ ማንም አልከፈለም፤ ለእኔ ትበቃለች» አሉና አንዳንድ ፍሬ እያነሱ በሉ።

ለመንኋቸው፤ አሻፈረኝ አሉ። ጣሳውን እኔ ጨረስሁት። ርቦኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን ተሸክመው አወጧቸው፤ ወዴት እንደ ወሰዷቸው አልተነገረንም።

አሁን ዋጋው በየገበያው ሲጨምር ልጆቼ የዱሮውን እንዳወራላቸው ይወዳሉ። በሬ በስንት ነበር፣ ማር በስንት ነበር ይሉኛል። ያስታወስሁትን ስነግራቸው ይስቃሉ። ስለዚያ ቆሎ ግን አንድም ቀን አንስቼላቸው አላውቅም። ለሽማግሌው ግማሹን እንኳ አስቀምጬላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ለልጆቼ እነግራቸው ነበር።