ነጠላዬን ዘቅዝቄ የተነሳሁት ፎቶ

ሴቷ ልጄ የፊልም ፖስተር ትሠራለች። መጀመሪያ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ቀለም ስታፈራርቅ ሳይ፣ ይሄም ሥራ ነው እንዴ እል ነበር። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አልዘለልኩም፤ ፊደል ብቆጥርም ንባብ ይከብደኛል። እሷ ደግሞ ይሄንኑ ወዳዋለች። አንዱን ስትጨርስ ትጠራኝና፣ "እማዬ፣ ጽሑፉን ተይው፤ ስለ ምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ" ትለኛለች። ቢጫ በቢጫ ሆኖ የሰዎቹ ጭንቅላት ከገላቸው ከገዘፈ ቀልድ ነው። ወንድና ሴት ጀርባ ተሰጣጥተው ቀይ ከፈሰሰበት ፍቅር ነው፣ ያውም የተኳረፈ። ጥቁር ላይ ግማሽ ፊት ብቻ ብቅ ካለ "ይሄንን እንኳ አታሳዪኝ" እላለሁ። ትስቃለች። ገባሽ ማለት ነው ብላ ለፊልሙ ሰዎች ትልከዋለች።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ልጇን ስለቀበረች እናት የተሠራ ፊልም መጣላት። እስከዚያን ቀን እንደዚህ ያለ ትልቅ ሥራ አልተሰጣትም። ተዋናይቷ ለፎቶ አልመች ስላለች ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

"ከጀርባ ነው የምትታዪው፣ ማንም አያውቅሽም። እንጦጦ ባሕር ዛፉ መሀል ትቆሚያለሽ፤ ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ።"

ነጠላ ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ አንገት የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ሰው ሳይሞት መዘቅዘቅ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ወንዱ ልጄ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የዛሬውን መንገድ ማን ያጣዋል? እሱ ከቤት ከወጣ እስኪመለስ ስልኬን ከደረቴ አላወጣም።

"ሟርት ነው፤ አልለብስም።"

"እማዬ ደግሞ! ፎቶ እኮ ነው።"

"ሞት ፎቶ ነው ሲሉት ይመለሳል?"

"ደህና አድርገሽ ከለበስሽው እኮ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናት ነው የምትመስይው። ሐዘኑ በምን ይታወቃል?"

እውነቷን ነው። እያማተብኩ እሺ አልኩ።

ጫካው ውስጥ አቁማኝ ራቀች፣ አሁንም ራቀች። "ምን ያስኬድሻል?" ብላት፣ "አንቺ እንድታንሺ፣ ዛፉ እንዲገዝፍ ነው። ባዶው ሲበዛ ብቻሽን መቅረትሽ ይታያል" አለች።

ስንጨርስ ብርዱ አንቀጠቀጠኝና ነጠላዬን እንደተዘቀዘቀ ጥብቅ አድርጌ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ከማርያም የሚመለሱ ሴቶች ይወርዱ ነበር። አንዷ ከምንኖርበት ከካራ ሰፈር የእድራችን አባል ናት። ገና ስታየኝ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

"ወይኔ! ሹፌሩ ነው? እኔን ያስቀድመኝ!" ብላ ደረቷን ትመታ ጀመር። ሌሎቹ ግራና ቀኝ ደገፉኝ።

አልዋሽም፣ ፎቶውን ረሳሁት። እሷ አንድ ነገር ብትሰማ ነው እንጂ እንዲህ አታለቅስም ብዬ አመንኩ። እኔም ጮህኩ። እሷ እኔን አይታ፣ እኔ እሷን አይቼ፣ ተቃቅፈን አለቀስን። ልጄ ከኋላ "ኧረ ፊልም ነው! ፎቶ ነው!" እያለች ትሮጣለች፤ ማን ይስማት? ስትደርስ ወንድሟ ጋ ደውላ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው። ጠራ፣ ጠራ።

"ሄሎ" አለ፣ እያኘከ። ለቅሶውን ሲሰማ "ማን ሞተ?" አለ።

"አንተ!" አለች የእድሯ ሴት።

"እኔ? ምሳዬን ሳልጨርስ?"

ሴትየዋ እንባዋን በመዳፏ ጠራረገችና ዞረችብኝ። "አንቺ ሴት፣ ነጠላ መጫወቻ ነው? አንጀቴን በጠስሽው እኮ!" ብላ በገዛ እጇ ገልብጣ አስተካከለችልኝ። ከዚያም እንደገና አቀፈችኝ።

ቤት ስንገባ ልጄ አንገቷን ደፍታ፣ "ካልሽ አጠፋዋለሁ" አለች። አምጪው ብዬ አየሁት። ጥቁር ዛፍ፣ አመድ የመሰለ ሰማይ፣ ከታች አንዲት ነጭ ነገር። ገና አንድ ፊደል አልተጻፈበትም። የገዛ ጀርባዬን እያየሁ "እኔን! ምን አገኛት?" ብዬ አረፍኩት።

"ላኪው" አልኳት። "ልጁ እንደሆነ ምሳውን በልቷል።"

አሁን ታክሲ የምጠብቅበት አጥር ላይ ተለጥፏል። የሚያልፈው ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ ግን ደህና አድርጌ ላየው አልችልም፤ ፊቴን አዙሬ ስልኬን አወጣና ሹፌሩ ልጄ ጋ እደውላለሁ።

"ደግሞ ፖስተሩ ጋ ደረስሽ?" ይለኛል ልጄ።

"ወሬውን ተወውና የት እንደደረስክ ንገረኝ" እለዋለሁ።