ጽዋውን ማን ተቀበይ አለኝ?

ዛሬ አንድ ቄስ ደክሟቸው መስሎኝ የያዙትን ጽዋ ብቀበላቸው ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

ከአዲስ አበባ፣ ከአያት፣ ወደ ደብረ ታቦር በሥራ ተዛውሬ ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ "የማርያም ማኅበር አለን፣ ነይ ቅመሽ" ብለው ወሰዱኝ።

ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ቄሱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ይዘው ቆሙ። እንዴት ሽማግሌ ቆመው እቀመጣለሁ ብዬ ብድግ አልኩና በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ለካ ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል! ከሁሉም አስበልጣ እልል ያለችው የሚቀጥለው ወር ተራ የእሷ የነበረችው ሴትዮ ናት።

አያትም የኔ አዲሱ ሰፈርም "ምርጥ ሰፈር" የሚባሉ ናቸው። አያት አስፋልት አለ፤ ጥበቃው ዝንብ አያስገባም። አራት ዓመት ኖሬ ግን ስለ ጎረቤቴ የማውቀው የመኪናዋን ታርጋ ብቻ ነው። እዚህ መንገዱ ጭቃ፣ የጉና ብርድ አጥንት ሰርሳሪ፤ እኔ ግን ይኸው በሦስት ሳምንቴ ማኅበርተኛ!

ጠላ መጥመቅ እንደማልችል ለእትዬ ጥሩወርቅ በጆሯቸው ብነግራቸው ሳቁብኝ።

"ጠላውን እኛ እንጠምቃለን። አንቺ በርሽን ብቻ ክፈቺልን።"

ቤት ገብቼ ከአያት ያመጣኋቸውን ወንበሮች አየሁ። ሁለት ናቸው። አንደኛው ላይ እስከ ዛሬ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም።

እናንተስ አዲስ ሰፈር ገብታችሁ ሳታውቁ ምን ተቀብላችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ ጻፉልኝ። ደብረ ታቦር ያላችሁ ደግሞ አግዳሚ ወንበር አውሱኝ።