አሥራ ሦስተኛዋ እንክርዳድ

ጥላነሽ ከአሰብ ወደብ አጥር ጥግ ያለውን ክፍል ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠርግና ስትወለውል፣ ክፍሉ የቆመለትን ሥራ ፈጽሞ ተሳስታው ነው የኖረችው። ጥፋቱን ሁሉ እሷ ላይ መደፍደፍ ግን ግፍ ነው፤ የነገራት ሰው የለማ! በሩ ላይ «የዘር ምርመራ ላቦራቶሪ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፊደል ስለቆጠረች አንብባዋለች። ውስጥ ገብታ ያየችው ግን ሌላ ነው፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ጤነኛ ሰው፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ስንዴ ሲለቅም። ያውም አንድ ጭብጥ ስንዴ። ያውም በወረንጦ!

መጀመሪያ ሰውየው የታመመ መስሏት ነበር። እየቆየች ግን ነገሩን ለራሷ እንዲህ አድርጋ አስረዳችው፤ መንግሥት እህል ያስለቅማል፣ ለቃሚው አቶ ወልደየሱስ ነው፣ አቶ ወልደየሱስ ደግሞ ለቀማ አይችልም።

ይህን ለመፍረድ ከእሷ የተሻለ ሰው አልነበረም። ጥላነሽ የደሴ ልጅ ናት። ደሴ ሳለች ሰርግ የደገሰ ጎረቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚልከው እሷ ዘንድ ነበር፤ ሌሎቹ ሴቶች ወሬያቸውን ሳይጨርሱ እሷ ኩንታሉን ትጨርሳለች። ኋላ ካሣ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር አገባትና አሰብ አመጣት። ካሣ ጨው ጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ባሏ ነው፣ በቀረው ቀን የመንገዱ ነው። በዚያ እሳት በሆነ ከተማ ውስጥ የእሷ የምትላቸው ስድስት ዶሮዎችና ይህ የጽዳት ሥራ ብቻ ነበሩ። ሥራውን ትወደው ነበር። ጠዋት ተነስቶ የሚሄዱበት ቦታ መኖሩ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእሷ ያልተነገራት የክፍሉ ሥራ ይህ ነው። ከመርከብ የሚራገፍ የዘር እህል ወደ ደጋ ከመጫኑ በፊት፣ ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት ተቀድቶ ናሙና ይወሰዳል። ወልደየሱስ ናሙናውን መዝኖ ንጹሑን ዘር ለብቻ፣ የአረሙን ዘር ለብቻ፣ ጠጠርና ገለባውን ለብቻ ያወጣል፤ ከዚያ ከመቶ ስንት እጁ ንጹሕ እንደሆነ ይጽፋል። ቁም ነገሩ እህሉን ማጽዳት ሳይሆን ምን ያህል እንደቆሸሸ ማወቅ ነው፤ ገበሬው ስንዴ ብሎ እንክርዳድ እንዳይዘራ። ነፋስ ዘሩን እንዳይበትነው በምርመራ ሰዓት ቬንትሌተሩ ይጠፋል። አሰብ ላይ ቬንትሌተር አጥፍቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። የከተማው ነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞች መንገድ ላይ ሲያገኙት «ወልደየሱስ፣ ዛሬስ ስንት ፍሬ አጣራህ?» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። በሥራው የሚኮራ፣ ዝምተኛ፣ ጨዋ ሰው ነበር።

ጥላነሽ አንጀቷን የሚበላት ይህ ጨዋነቱ ነው። «አሁን ይህን በሰፌድ ቢሰጡኝ ቁርስ ሳይደርስ እጨርሰው ነበር» ትላለች በልቧ። በአፏ ግን አታወጣውም። ወንድን ያህል ሰው፣ ካፖርት የለበሰ ባለሥልጣን፣ ለቀማ አትችልም ብሎ ማሳፈር ምን ይሉታል? ደግሞም ሰውየው ናሙናውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ከአንገቱ አይለይም። እሷም ይህን በቀርፋፋነቱ ማፈሩ ነው ብላ ተርጉማዋለች።

በ1963 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ከአዲስ አበባ አቶ ሣህሉ የሚባል የዋናው መሥሪያ ቤት ሹም በአውሮፕላን መጣ። ከረባት አስሮ ነበር የመጣው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ላቦራቶሪው እስኪደርስ ግን ከረባቱ ኪሱ ገብቷል። ጥላነሽ መስኮት እየወለወለች ጆሮዋን አቆመች።

«ዋናው መሥሪያ ቤት ይህ ክፍል ይጥቀም አይጥቀም እይ ብሎ ልኮኛል» አለ ሣህሉ። «ከሰዓት በኋላ ሥራህን አያለሁ። ካልረካሁ ክፍሉ ይዘጋል። አንተም ወደ ሌላ ትዛወራለህ።»

ከቦርሳው ፖስታ አወጣና ስንዴ ነጭ ሰሃን ላይ ገለበጠ። ወልደየሱስ ቁም ሳጥኑን ሊከፍት እጁን ወደ አንገቱ ሲሰድ፣ ሣህሉ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ «ተወው፣ ማን ይነካዋል? ይልቅ የሰውነቴ ውሃ ሳይደርቅ ከዚህ አውጣኝ» አለው። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። አሰብ በስድስት ሰዓት ይዘጋል፣ ሙቀቱ ሲበርድ በአሥር ሰዓት ይከፈታል። ሁለቱ ተያይዘው ወጡ።

ጥላነሽ ከሰሃኑ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ጠጋ ብላ አየችው። ጠጠር አለው፣ ገለባ አለው፣ ሰናር የሚሉት የዱር አጃ አለው፣ እንክርዳዱማ ቁጭ ብሎ ያያታል! ይህ ምስኪን ሰው ይህን ሁሉ በዚያ በወረንጦው ሊለቅም ነው? እንግዳው ፊት? እስኪመሽ ቢለቅም አይጨርስም፤ ክፍሉም ይዘጋል፣ እሱም ይሄዳል፣ እሷም ከስድስት ዶሮ ጋር ትቀራለች። ደግሞስ ያልተለቀመ እህል ለእንግዳ እንዴት ይቀርባል? ደሴ ውስጥ ቢሆን ስንት ዓመት ይወራ ነበር።

ቤቷ ከአጥሩ ማዶ ነው። ሮጣ ሰፌዷን አመጣች። አበጠረች፣ አንገዋለለች፣ እፍ አለች፣ ለቀመች። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ስንዴውን ሰሃኑ ላይ መልሳ እኩል አድርጋ አነጠፈችው። ግርዱን ግን አልጣለችውም፤ ግርድ መጣል አታውቅም። ሰናሩን ለዶሮዎቿ ብላ ባዶ የሳርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረችው። እንክርዳዱን ግን ለብቻው በወረቀት ጠቀለለች፤ አንድ ጊዜ አውራ ዶሮዋ እንክርዳድ በልቶ፣ ሰክሮ፣ ቀኑን ሙሉ ከአጥር ጋር ሲጣላ ውሎባታል። ጠጠሩንም ሌላ ወረቀት ውስጥ ቋጠረችው። ይህንንም ለምን እንዳደረገች ጠይቃችሁ መልስ የምታገኙ እንዳይመስላችሁ፤ እጇ የለመደው ነው። ሁሉንም ከሰፌዱ ጋር ቤቷ መለሰችው።

አሥር ሰዓት ላይ ሰዎቹ ተመለሱ። ቬንትሌተሩ ጠፋ። ወልደየሱስ አጉሊ መነጽሩን አንስቶ አቀረቀረ። ጥላነሽ የውሃ ማሰሮዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ምስጋናው እንዳያመልጣት።

ወልደየሱስ ስንዴውን በወረንጦ አንድ በአንድ ገፋ። ምንም የለም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ምንም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። በአሥር ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ እህል አይቶ አያውቅም፤ አቧራ እንኳ አልነበረውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብዕሩን አንስቶ ጥቂት አመነታና ጻፈ።

«ንጹሕ ዘር፣ መቶ በመቶ» አለ።

ጥላነሽ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። መቶ በመቶ! ማን ለቀመውና!

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ሣህሉ።

«ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«ከመንግሥተ ሰማያት ካልመጣ በቀር መቶ በመቶ የሚባል ስንዴ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ወልደየሱስ። «ግን የሌለ አረም አልጽፍም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

ሣህሉ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «እንግዲህ ስማኝ። በገዛ እጄ አሥራ ሁለት እንክርዳድ፣ ስምንት ሰናር፣ አምስት ጠጠር ቆጥሬ ጨምሬበታለሁ። ያንተ ሥራ ይህን ማግኘት ነበር። አንዷን እንኳ አላገኘህም! መርከብ ሙሉ እንክርዳድ ቢመጣ ስንዴ ነው ብለህ ልታሳልፍ ነው?» ብዕሩን ከፈተ። «ያሳዝናል። ክፍሉ ይዘጋ ብዬ ከመጻፍ በቀር ምርጫ የለኝም።»

ጥላነሽ ማሰሮዋን መሬት አስቀመጠች። የሦስት ዓመቱ ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባት። ወረንጦው፣ ሚዛኑ፣ ቁልፉ፣ ያ ሁሉ መጻፍ! ሰውየው ለቃሚ አልነበረም፤ ቆሻሻውን ነበር የሚፈልገው። እሷ ደግሞ ቆሻሻውን አንስታ ቆርቆሮ ውስጥ ከታበታለች።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ዛሬውኑ ትባረራለች፤ ለካሣስ ምን ትለዋለች? የመንግሥት እህል ለቅሜ ተባረርኩ? ፈራች፣ በጣም ፈራች። ወልደየሱስን ግን አየችው። ወረንጦውን በመሐረብ ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛው፤ ከዚያ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ ሣህሉ ፊት አስቀመጠው። ይህን አይታ ዝም ማለት አልሆነላትም።

«ጌቶቼ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ምንድን ነሽ?» አለ ሣህሉ።

«ለቃሚዋ። እንግዳ ያየዋል ብዬ አፍሬ ለቀምኩት።»

«ምኑን ነው የለቀምሽው፣ አንቺ ሴትዮ?»

«ስንዴውን ነዋ! አቶ ወልደየሱስ ይዘገያሉ ብዬ… ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጅዎ ከባድ ነው ብዬ ነው።»

ወልደየሱስ ወደ እሷ ዞረ። «እትዬ ጥላነሽ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔን እህል ለቃሚ ነው ያልሽኝ?»

«ያውም ቀርፋፋ» አለች ጥላነሽ፤ መዋሸት አልቻለችም።

ሣህሉ ጠረጴዛውን መታ። «ጉድ እኮ ነው! ይህ ሁሉ እውነት እንደሆነ በምን ላምን? ግርዱ የት አለ?»

ጥላነሽ ሮጣ የሳርዲኑን ቆርቆሮና ሁለቱን የወረቀት ጥቅል ከቤቷ አመጣች። ዶሮዎቹ ገና አልተቀለቡም ነበር፤ ለዚህ እግዜርን እስከ ዕለተ ሞቷ ታመሰግናለች። ወልደየሱስ ቆርቆሮውን ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጠው። ሰናር፣ ስምንት። ጥቅሉን ፈታ። ጠጠር፣ አምስት። ሁለተኛውን ፈታ። ሣህሉ ጎንበስ ብሎ ቆጠረ።

«እንክርዳድ፣ አሥራ ሦስት» አለ። ቀና አለና ወረቀቱን አየ። «አሥራ ሁለት ነው የጨመርኩት።»

«አሥራ ሦስት ነው» አለች ጥላነሽ።

«ሴትዮ፣ አንዷ ስንዴ ትሆናለች።»

«እኔ ነኝ ስንዴና እንክርዳድ የምሳሳተው?» ስለ ሌላው ሁሉ ይቅርታ ጠይቃለች፤ ስለዚህ ግን አትጠይቅም።

ወልደየሱስ አጉሊ መነጽሩን ለሣህሉ አቀበለው። ሣህሉ አሥራ ሦስቱንም አንድ በአንድ አየ። የመጨረሻዋ ላይ ብዙ ቆየ፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ጠብ ሲል ይሰማ ነበር።

«እንክርዳድ ናት» አለ በመጨረሻ።

«ስንዴው ከየት የመጣ ነበር፣ ጌታዬ?» አለ ወልደየሱስ በትሕትና።

«ከራሳችን የዘር ማባዣ ጣቢያ። ንጹሕ ተብሎ የታሸገ።»

«ማን መርምሮት?»

ሣህሉ ቬንትሌተሩን ራሱ ተነስቶ አበራው፤ ወረቀቶቹ በክፍሉ ውስጥ በረሩ። ከዚያ ሳቀ። መጀመሪያ አፉን ሸፍኖ፣ ኋላ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወልደየሱስም ሳቀ። ጥላነሽ ብቻ አልሳቀችም፤ የሰዎቹ ሳቅ የሚያባርር ይሁን የሚያስቀር ገና አልለየላትም።

ሣህሉ የጀመረውን ወረቀት ቀደደ። «ያላየሁትን አልጽፍም ብለህ እንጀራህን ልታጣ ነበር» አለው ለወልደየሱስ። «እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ክፍል አይዘጋም።» ከዚያ ወደ ጥላነሽ ዞረ። «ወይዘሮ ጥላነሽ፣ እርስዎ መጥረጊያውን ለሌላ ይስጡ። ለእኛ የሚያስፈልገው ዓይንዎ ነው።»

ከአዲስ አበባ የመጣ ሹም እርስዎ ሲላት ነው እንባዋ የመጣው።

የሹመት ደብዳቤዋ በአምስተኛው ወር መጣ፤ ረዳት የዘር መርማሪ። ነጭ ካፖርት ተሰፋላት። ወረንጦን እስከ መጨረሻው አልወደደችም፤ በጥፍሯ ነው የምትሠራው። ወልደየሱስ ከፈለገ ይዘገያል፣ እሷም ደግማ አልሰደበችውም። የከበዳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቆሻሻ ናሙና በመጣ ቁጥር ስለ ላኪው ታፍራለች። «ምን ዓይነት ቤት ነው ይህን ለሰው የሚልክ?» ትልና፣ ቆጥራ፣ ያለውን እንዳለ ትጽፋለች።

በዓመቱ ሣህሉ ከዚያው ጣቢያ ለምርመራ ናሙና ላከ። ጥላነሽ ሰሃኑ ላይ ገለበጠችው። ስንዴው ያብረቀርቃል። በእጇ ዳበስ አደረገችው፣ መዳፏን አየች፣ ለወልደየሱስም አሳየችው።

«ይህ ተለቅሟል።»

«በምን አወቅሽ?»

«አቧራው የት ሄደ? ገለባ የሌለው ስንዴ ከየት ይመጣል? ሰውየው እኛን አፍሮ ለቅሞታል።» የምርመራውን ቅጽ ወደ ራሷ ሳበችና፣ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ በትልልቅ ፊደሏ ጻፈች፤ «ናሙናው ተለቅሞ ደርሶናል። ሌላ ያልተነካ ይላክልን። ከሌለ ግርዱ ይላክልን።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአውሮፕላን አንዲት ትንሽ ፖስታ መጣች። ውስጧ ግርዱ ነበር፤ እንክርዳዱ ለብቻ፣ ሰናሩ ለብቻ፣ ጠጠሩ ለብቻ በወረቀት ተጠቅልሎ። ጥላነሽ ቬንትሌተሩን አጠፋችና መቁጠር ጀመረች።