ጣቷን ሁለቴ የቆጠረችው ልጅ

መምህርቷ ሕፃናት ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባልደረቦቿ «እንዴት አወቅሽ» የሚል ቅጽል አውጥተውላታል። ልጅ መልስ በሰጣት ቁጥር፣ ልክም ይሁን ስህተት፣ ይህን ሳትጠይቅ አታልፍማ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቢሮ የተላከ ተቆጣጣሪ የግምገማ ቅጹን ታቅፎ መጣና ኋላ ካሉት ትንንሽ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። እሷ አራትና ሦስት ስንት እንደሚሆን ጠየቀች። ሌላ ጊዜ ድምፅ የማይወጣት አንዲት የአናጺ ልጅ እጇን አወጣች።

«ስምንት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ዝም በሉ! እንዴት አወቅሽ፣ የኔ እናት?»

ልጅቷ ጣቶቿን ዘርግታ እንደ አዲስ ጀመረች። ጠፋባት፣ ደገመች። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ፤ አሁንም አየ።

«ቲቸር፣ ይቺን ትንሿን ጣቴን ሁለቴ ቆጥሬያታለሁ። ስቸኩል እንደዚህ አደርጋለሁ። ቀስ ስል ግን ሰባት ነው።»

መምህርቷ እንባዋ መጣ። ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ የገዛ ሐሳቧን መርምራ የት እንደሳተች ደረሰችበት! ከትልቁስ ሰው ስንቱ ይችለዋል?

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቅጹን ገፋላት። «በአንድ ጥያቄ ስምንት ደቂቃ ባክኗል። ስህተቱ ወዲያው አልታረመም። ውጤት፦ ዝቅተኛ» ይላል።

ደሟ ፈላ። «አልታረመም? ራሷ አረመችው እኮ! ሰባት ነው ብዬ ብነግራት ሰባትን ትይዝ ነበር፤ ምን እንደሚያሳስታት ግን መቼ ታውቃለች?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ እህቴ? የበላዮቻችን የሚያዩት ከመጽሐፉ ስንት ገጽ እንደተሸፈነ ነው። ፈርሚና ይለቅ።»

«ገጹን ሸፍነን ልጁን ባዶውን ልንሰደው?»

አልፈረመችም። «አስተያየት» በሚለው ቦታ የልጅቷን ቃል እንዳለ ጻፈችና በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች።

በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ይዛው ዳይሬክተሩ ቢሮ ተመልሳ ገባች። «እዚህ ላይ ሲፈርሙ የጻፍኩትን አንብበው ነው?»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «እውነቱን ልንገርሽ? ደብዳቤውንም አላነበብኩትም።»

የዓመቱ እድገቷ ቀረ። ክፍሉን ግን አልነጠቋትም፤ አርባ ስድስት ሕፃን ልረከብ የሚል ሌላ ሰው ከየት ይምጣ! ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣላትም፤ እንዲወጣላትም አትፈልግም።