በዘይነባ ስም የተሳለው ፊቴ

መጀመሪያ የጠፋብኝ ሽታ ነው። ልብስ ሳጥብ በረኪናው አልሸት አለኝ። ውሃ የተቀላቀለበት መስሎኝ ባለሱቁን ሄጄ ተጣላሁት። በማግስቱ አተኮሰኝ፤ ትንፋሼ አጠረ። ጎረቤቴ ዘይነባ ሾርባ ይዛ መጣች። አትቅረቢኝ አልኳት። ሳቀችብኝና ትራሴን አስተካክላልኝ ሄደች።

ኮቪድ ነው ተብዬ ሆስፒታል ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ እሷንም አመጧት። ጎን ለጎን ተኛን። ሁለታችንም ኦክስጅን ላይ። እኔ ዳንኩ። እሷ ሞተች። ድንኳን አልተተከለም። ለቅሶ አልተቀመጥኩም።

ስወጣ ሐኪሙ፣ "እማማ አስካለ፣ ሳንባዎ ጠባሳ ይዟል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ፤ ሲደክምዎ ይረፉ" አለኝ። እኔም መጀመሪያ እስከ አጥሬ በር፣ ቀጥሎ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ እያደር እስከ ታክሲ ፌርማታው መሄድ ጀመርኩ፤ ግን የዘይነባን ልጅ ራሂማን ላለማግኘት ሁልጊዜ በጀርባ መንገድ እዞር ነበር።

ዘንድሮ የሰፈሩ ሠዓሊዎች ፌርማታው ፊት ለፊት ባለው ግንብ ላይ በኮቪድ የሞቱብንን ሰዎች ሳሉ። ሥዕሉን ለማየት ሄድኩ። የራሴን ፊት አየሁ። ከሥሩ "ዘይነባ" ይላል።

ፎቶው የራሂማ ሰርግ ላይ የተነሣነው ነው። የዚያን ቀን ዘይነባ ለቀልድ ነጠላዬን ወስዳ ተከናነበች፤ የሷን ሂጃብ ደግሞ ለእኔ አደረገችልኝ። እድራችን ያንን ፎቶ ሰጠ፤ ሠዓሊው ሂጃብ ያደረገችውን መርጦ ሳለ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከአልጋው እኔ ተነሣሁ፤ ግንቡ ላይ ያለውን ቦታዋንም እኔው ያዝኩት። ወዲያው የራሂማን በር አንኳኳሁ። በየቀኑ እያየሽው ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

"እማማ፣ እርስዎ ከግንቡ ይነሡልኝ ብል፣ መዳንዎ የከፋኝ ይመስልብኛል ብዬ ነው" አለችኝ።

ተያይዘን ሠዓሊው ዘንድ ሄድን። ፊቱን እንዳለ ትቼ ከሥሩ "ከበሽታው የተረፉ" ብዬ ብጽፍልዎስ አለኝ።

"እኔን አጥፋኝ" አልኩት። "የሞተችው ትሳል።"

ሲሥል ከራሂማ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አየነው። ዘይነባ ነጠላዬን እንደተከናነበች ቀስ በቀስ ብቅ አለች። ፎቶው ላይ እጄ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ እሱንም ሳለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ የእርስዎን እጅ ላጥፋው ወይ አለ። አዎ ልል ስል ራሂማ ቀደመችኝ።

"የእማማ እጅ ይኑር" አለች።

ያከሙኝን ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከሁሉ በፊት ትራሴን ያስተካከለችልኝን ዘይነባን አመሰግናለሁ። እናንተ የታመማችሁ፣ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ቤት አትቆዩ። ስትድኑ ደግሞ በጀርባ መንገድ አትዙሩ። እኔ አሁን ታክሲ የምጠብቀው እዚያው ግንብ ሥር ነው። እስካሁንም አፍራለሁ፤ ግን ከራሂማ ጋር ነው የምቆመው።