በሚካኤል ዕለት የተሰጣ ፎጣ

ልጅ ሳለሁ እናቴን እጠረጥራት ነበር። ሌላው ልጅ እናቱን ይናፍቃል፣ እኔ የእኔን እከታተላት ነበር። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ አፈጣጠሬ ነው። ዛሬም ቢሆን ሰው ሲስቅልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

እናቴ ላሊበላ ውስጥ የአንድ ፔንሲዮን ፎጣ ታጥብ ነበር። ዘበኛው የእንግዶቹን እርጥብ ፎጣ ጠዋት በጆንያ ጠቅጥቆ ያመጣላታል፤ በማግስቱ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ፊት ላይ ሲያደርጉት እንቅልፍ የሚያስመኝ ሆኖ ይመለሳል። እኔ ይሄን አላምንም ነበር። በቦኖ ውሃና በአንድ ሳፋ እንዲህ ያለ ፎጣ ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ከአልጋዋ ሥር ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁ። ከፍቼ ባሸተው አፍንጫዬን ወጋኝ። አረቄ ነው አልኩ፣ እናቴ ተደብቃ ትጠጣለች። ከዚያ በኋላ ትንፋሿን ለማሽተት ሁለት ቀን ሙሉ ጉንጯን ስስም ዋልኩ። እሷ ፍቅር መስሏት ትስቃለች።

ግን የነገሩ መነሻ ጠርሙሱ አይደለም፣ ዩኒፎርሜ ነው። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ስንጫወት ወድቄ ዩኒፎርሜ ፊት ለፊቱ ጭቃ ሆነ። እጠቢልኝ ብዬ አለቀስኩ። "ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ልብስ ውሃ አይነካም" አለችኝ፣ አለቀ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ መምህሩ ኮሌታዬን በሁለት ጣቱ ይዞ ከመስመር አወጣኝና ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አሳየኝ። ያንን ቀን ለሚካኤልም ለእናቴም ይቅር አላልኩም።

ወሩ ዞረና የታኅሣሥ ሚካኤል መጣ። ገና ስለቀረበ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል፣ አቧራው ደግሞ ሰው አያሳይም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ በኩል የሆነ ኮሽታ ሰማሁ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ከመንገድ እንዳይታይ በድንጋይ ካቡና በቤታችን መሀል ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ በእርጥብ ፎጣ ሞልቷል። ከሥሩ ያለው መሬት ረጥቧል። እናቴ ባዶ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። ስታየኝ ደነገጠች።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ፣ እትዬ ዝማም ቤት ጽዋው ላይ ናቸው። መጣሁ በያቸው።"

የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ማለት ለእናቴ ቀላል ነገር አልነበረም። አባቴ ከሞተ በኋላ ስትታመም የሚጠይቃት፣ ሲከፋት አይዞሽ የሚላት ያ ማኅበር ነው። ያን ዕለት ደግሞ ጽዋውን ተረክባ ወደ ቤታችን የምታመጣው እሷ ነበረች፤ የሚቀጥለው ወር ተራ የእኛ ነው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ሆኖም መንገዱን ሙሉ በሆዴ የማብሰለስለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለእኔ ዩኒፎርም ሚካኤል አለ፣ ለፈረንጅ ፎጣ ግን የለም!

እትዬ ዝማም ጎረቤታችን ናት፣ ከእኔም የባሰች ተጠራጣሪ። በር ላይ ያዘችኝ።

"እናትሽስ? ተረኛ ሆና ትቀራለች እንዴ?"

"ፎጣ እያጠበች ነው።"

"ዛሬ?"

"አዎ ዛሬ። ለፈረንጅ ሲሆን ሚካኤል የለም።"

ይቺን የመጨረሻዋን ከራሴ ጨመርኩባት። አንዷ አማተበች። ሌላዋ "ታዲያ ጽዋውን ለእሷ ማን ይሰጣል?" አለች። የንስሐ አባታችን መምሬ ካሳ ዳቦውን ገና መባረካቸው ነበር። "ያላየነውን አንናገር። ተነሱ፣ ሄደን እንየው" አሉና ዘንጋቸውን አነሱ። እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሽ መንገድ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

እናቴ መምሬን ስታይ መስቀል ልትሳለም ሮጣ ጎንበስ አለች። እሳቸው መስቀሉን ወደ ኋላ አሉት። ያኔ ከሴቶቹ ጀርባ ተሸሸግኩ።

"እስኪ መጀመሪያ ንገሪኝ ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አላጠብኩም አባ፣ አሰጣሁ እንጂ። የማጥበው ነገ ነው። እርጥቡ እንደተጠቀለለ ካደረ ይከረፋል፣ አንዴ ከከረፋ ሳሙናም አይመልሰው። ሰውዬው ደግሞ ሸተተ ካለ በማግስቱ ሌላ ሴት ይቀጥራል።"

"መሬቱስ ለምን ራሰ?" አለች እትዬ ዝማም።

"አቧራው እንዳይነሳ ረጨሁበት።"

"ኤዲያ! ላልታጠበ ፎጣ ደግሞ አቧራ የሚፈራ አለ?"

መምሬ ግን ዘንጋቸውን ካቡ ላይ አስደግፈው ወደ ገመዱ ተጠጉ። መሀል ላይ ያለውን ትልቁን ፎጣ በሁለት እጃቸው ይዘው አፍንጫቸውን ቀበሩበት። ወዲያው ፊታቸው ተጨማደደ።

"እፍ! ይሄ ታጥቦ ከሆነ ያስቀየመችው ሚካኤልን አይደለም፣ ባለ ፔንሲዮኑን ነው። እንኪ ዝማም፣ አሽችው።"

"እኔ የፈረንጅ ላብ ምን በወጣኝ አባ!"

"የመጣነውኮ ለዚህ ነው። አሽችው።"

አሸተተች። ጭንቅላቷን እንደተወጋ በሬ ወደ ኋላ አለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። "አልታጠበም" አለች በቀጭን ድምፅ፣ ከዚያ ራሷን ለማዳን ይመስለኛል፣ "እኔ ምን ላድርግ፣ የነገረችን የገዛ ልጇ ናት!"

እናቴ ዞራ አየችኝ። መምሬ መስቀሉን አቀረቡላት፣ ግንባሯን አስነካች፣ ተሳለመች፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው። ሁሉም ወደ እትዬ ዝማም ቤት ተመለሱ፤ ማኅበሩ ሲበተን ጽዋውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና፣ በሴቶቹ እልልታ ታጅባ ወደ ቤት አመጣችው። ለእኔም እንደ ሌላው ቀን እራቴን አቀረበችልኝ። ብትመታኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳፋው ተዘጋጅቷል። ከፎጣዎቹ በፊት ያጠበችው የእኔን ዩኒፎርም ነበር። ከዚያ እጅጌዬን ጠቀለለችና "ነይ፣ ከካብ ጀርባ ከምታይኝ እዚህ ሆነሽ እዪኝ" አለችኝ።

አየሁ። ሳሙናው ትንሽ ነው፤ ሲበዛ ፎጣው ውስጥ ይቀርና ሲደርቅ እንደ ቆርቆሮ ያደርገዋል። ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። በመጨረሻው ውሃ ላይ ከዚያች ጠርሙስ አንድ ክዳን ይጨመራል፤ አቼቶ ነበር፣ የፔንሲዮኑ ወጥ ቤት ሠራተኛ የሰጠቻት። ጫፍና ጫፉን ይዘን በተቃራኒ ጠመዘዝነው። ከዚያ እንደ ጅራፍ እስኪጮህ ድረስ አራገፍነው፤ ያ ነው ያን የተኛ ክር የሚያስነሳው። ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ተሰጥቶ ጤዛ ሳይነካው ይታጠፋል። የደረቀውን ፊቴ ላይ አደረገችልኝ። ምንም አይሸትም ነበር። ንጹሕ ፎጣ የሚሸተው እንዲህ ነው፣ የማለዳ አየር ብቻ።

ዛሬ ፎጣ የማጥበው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፣ የእናቴም ጣቶች በውሃ ብዛት አልታጠፍ አሉ፣ ስለዚህ እኔ ሌላ ፔንሲዮን ገባሁ። ሳፋ የለም፣ ማሽን ነው። ፎጣው ሲወጣ የአበባ ሽታ ይሸታል፣ እኔ ያንን ሽታ አላምነውም፤ የሆነ ነገር የሚደብቅ ነው የሚመስለኝ። ማሽኑ ያለው ምድር ቤት ነው፣ ከመንገድ የሚታይ ገመድ የለም፣ መጥቶ የሚያሸት ቄስም የለም። በሚካኤልም፣ በገብርኤልም፣ በማርያምም ቁልፉን እጫናለሁ። አልሠራም ብል በማግስቱ ሌላ ሴት ይቀጠራል።

ወር በገባ በአሥራ ሁለት እናቴ ከጽዋዋ ስትመለስ ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ ታመጣልኛለች። "ምን ስትሠሪ ዋልሽ ልጄ?" ትለኛለች። "የደረቀ ፎጣ ሳጥፍ" እላታለሁ። ታምነኛለች። የዱቄት ሳሙናው ሽታ ታጥቤም ከእጄ አይለቅም፤ በእሷ ቦታ እኔ ብሆን ኖሮ እጇን ይዤ አሸትት ነበር። እሷ ትልቁን ቁራሽ መርጣ መዳፌ ላይ ታስቀምጥና "ብዪ፣ የሚካኤል ነው" ትለኛለች።